ቀንድ አውጣውን ያበዛነው እኛ ነን

በጣና ዳር ስለ ቢልሃርዚያ በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ይቀድማል። «በሽታውን የሚያመጣው ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚያስጠልለው ዳር ዳሩን የበቀለው ሣርና ደንገል ነው፤ ሣሩ ይመንጠር፣ ውኃው መድኃኒት ይረጭበት፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል» ይባላል። በስብሰባ ላይ ይነገራል፣ ቡና ሲጠጣ ይነገራል፣ የሐይቁ ዳር መሬት ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግም እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ልጁ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሰገራው ደም ቀላቅሎ ያየ ወላጅ ጠላቱን በስሙ ለይቶ መምታት ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የቀንድ አውጣን ቁጥር የሚወስነው የምንገድለው ብዛት ሳይሆን የምንቀልበው ምግብና የምንከፍትለት ቦታ ነው። ቀንድ አውጣውን የበሽታ አስተላላፊ የሚያደርገውም ከእኛ ከሰዎች የሚወጣ ሰገራ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይነኩ በሣሩና በቀንድ አውጣው ላይ መዝመት ገንዘብን፣ ዓሣንና ጊዜን ማባከን ነው።

ከእንስሳው እንጀምር። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን በዋናነት የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ባዮምፋላሪያ ፋይፈሪ ይባላል። ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ የተጠማዘዘ ቅርፊት ያለው ነው፤ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። በኢትዮጵያ በሽታው ጎልቶ የሚታየው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ባሉ ቦታዎች ነው፤ ምክንያቱም እጅግ የሚሞቅም እጅግ የሚቀዘቅዝም ውኃ ለቀንድ አውጣውና በውስጡ ለሚያድገው ትል አይመችም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ውኃው ለዚህ እንስሳ ልክ ነው።

ቀንድ አውጣው የሚበላው ቅጠሉን ነው ብለን የምናስብ ብዙ ነን። በአብዛኛው የሚግጠው ግን በቅጠሉ፣ በድንጋዩና በጀልባው ጎን ላይ የሚጋገረውን አረንጓዴ ዝልግልግ አልጌና የበሰበሰ ብስባሽ ነው። በባሕር ውስጥ የሣር ሜዳዎች የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎችም እንዲሁ ናቸው፤ አልጌውን ከቅጠሉ ላይ እየጠረጉ ፀሐይ ለሣሩ እንዲደርስ ያደርጋሉ፣ ሣሩም በእነሱ ምክንያት ይለመልማል። ተክሉ ለቀንድ አውጣው ገበታ ነው፤ እህሉ በገበታው ላይ የተጋገረው አልጌ ነው። አልጌ የሚበቅለው ደግሞ ፀሐይ በሚያገኝ፣ ጸጥ ባለ፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በበዛበት ውኃ ነው። እነዚህን ሁለት ንጥረ ነገሮች ወደ ጣና የሚያስገባው ማን ነው? ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻ ላይ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማና ከመንደር በቦይ የሚወርደው ፍሳሽ፣ በዳሩ የሚታጠበው ልብስና መኪና ነው። ገበታውን አነሣን ብንል እንኳ እህሉን ማቅረባችንን አላቆምንም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ይህ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ነው። ጓደኛ ካገኘ ይገናኛል፤ ካጣም ራሱን በራሱ አዳቅሎ ይወልዳል። እንቁላሉን በዝልግልግ ከረጢት አድርጎ ከቅጠል ሥር ይለጥፋል። የተፈለፈለው ግልገል በሁለት ወር ገደማ ራሱ እንቁላል ጣይ ይሆናል። ይህም ማለት በሐይቁ ዳር ከዘመቻ ያመለጠች አንዲት ቀንድ አውጣ ብቻዋን መንደር ልትመሠርት ትችላለች።

የዘመቻውን ሒሳብ በምሳሌ እንሥራው። በአንድ የጀልባ ማረፊያ ዙሪያ 1,000 ቀንድ አውጣ አለ እንበል። መድኃኒት ረጭተን ከመቶ ዘጠናውን ገደልን፤ ይህ በጣም የተሳካ ዘመቻ ነው። የቀሩት 100 ናቸው። ከመርጨቱ በፊት 1,000 የሚሻሙበት አልጌ አሁን ለመቶ ቀረላቸው። በልተው ይጠግባሉ፣ ከቀድሞው የበለጠ እንቁላል ይጥላሉ፣ ከግልገሎቻቸውም ብዙው ያድጋል። በየወሩ እጥፍ ቢሆኑ 200፣ 400፣ 800 እያሉ አራተኛው ወር ሳያልቅ ከቀድሞው ቁጥር ያልፋሉ። የሕዝበ እንስሳት ሊቃውንት ይህን ሕግ ከብዙ ዘመን በፊት ጽፈውታል፤ የተጨናነቀ መንጋ ሲሳሳ የቀረው ይፈጥናል። አረም ነቅሎ መሬቱን ሳይዘራ የተወ ገበሬ ሕጉን ከመጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል።

መርጨት ሌላም ዕዳ አለው። ኒክሎሳማይድ የተባለው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ዓሣንም ይገድላል። ጣና ደግሞ ተራ ዓሣ የሚኖርበት ሐይቅ አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቶት በውስጡ የነጭ ዓሣ ዘሮች በዓለም ሌላ ቦታ በማይገኝ ልዩ ልዩ ዓይነት ተፈጥረውበታል። ከነጭ ዓሣና ከአምባዛ ወገን ከጭቃው ቀንድ አውጣ እየለቀሙ የሚበሉ አሉ። እነሱን በመረብ ስናሟጥጥ፣ ሊራቡ ወደ ወንዝ አፍ ሲወጡ በብርብራ ፍሬ ስናደነዝዛቸው፣ ከዚያም በላይ መድኃኒት ስንረጭባቸው የቀንድ አውጣውን ጠላት በገዛ እጃችን እያጠፋንለት ነው። ይህ በሌላ ቦታ ደርሷል። በማላዊ ሐይቅ ዳርቻ ቀንድ አውጣ የሚበሉ ዓሦች ከመጠን በላይ ከተጠመዱ በኋላ፣ ቀድሞ ቢልሃርዚያ የለባቸውም ይባሉ የነበሩ ዳርቻዎች የበሽታው መናኸሪያ ሆነዋል። ተመራማሪዎች የዓሣውን መመናመን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አድርገው አቅርበዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ቀንድ አውጣው በሽታውን ከየት አመጣው? ከእንቁላሉ ይዞት አይወለድም። የቢልሃርዚያ ሴት ትል በሰው የደም ሥር ውስጥ ተቀምጣ በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ከእነዚህ የተወሰኑት ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፤ የቀሩት በጉበትና በአንጀት ተቀብረው ሰውየውን ያሳምማሉ። ሰገራው ውኃ ከነካ ከእንቁላሉ ዋናተኛ እጭ ይወጣል። ይህ እጭ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀንድ አውጣውን ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ በውስጡ ገብቶ ከአንድ ወር በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች እጮች እያባዛ ወደ ውኃው ይለቅቃል። እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ዕድሜያቸው ውስጥ የሰው ቆዳ ካገኙ ቀድደው ይገባሉ። የሚበዙትም ፀሐይ በተኮሰበት ሰዓት፣ እናቶች ልብስ በሚያጥቡበት፣ ልጆች በሚዋኙበት ጊዜ ነው።

ልብ እንበል፤ በዚህ ዑደት ቀንድ አውጣው ተጠቂ ነው። ትሉ የገባበት ቀንድ አውጣ እንቁላል መጣል ያቆማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ሲመረመርም ብዙ ጊዜ ትሉ የሚገኝባቸው ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ሰገራ በማይደርስበት ዳርቻ አእላፍ ቀንድ አውጣ ቢኖር አንድ ልጅ አይታመምም። ሰገራ በሚወርድበት ዳርቻ ግን ጥቂት ቀንድ አውጣ ሰፈሩን ለመበከል ይበቃል። የበሽታው ምንጭ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከቤታችን ጓሮ ነው፤ ሐይቁ የሚመልስልን የሰጠነውን ነው።

ወደ ዘጌ እንምጣ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄዶ የሚደረስበት ይህ ልሳነ ምድር ጫካ ነው። በአካባቢው አፈ ታሪክ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት አይፈቀድም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስን ሊሳለም የሄደ ሰው ከጀልባ ወርዶ ወደ ላይ የሚወጣው በቡና ጥላ ውስጥ ነው። የጣና ዙሪያ ኮረብቶች ሲራቆቱ ዘጌ ለምለም ሆኖ የቀረው ሕዝቡ ለዘመናት «እዚህ አይታረስም» ብሎ ራሱን ስለ ከለከለ ነው። ሐይቁንም የሚጠቅም ክልከላ ነው፤ ያልታረሰ መሬት አፈሩን ለውኃው አያስረክብም።

ታዲያ በዘጌ ቢልሃርዚያ የለም? አለ። በልሳነ ምድሩ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ የሰገራ ምርመራዎች በሽታው በልጆች ዘንድ ሥር መስደዱን አሳይተዋል። ይህ ብቻ የዚያን «ሣሩ ይመንጠር» ባይ ክርክር ለማፍረስ ይበቃል። ዘጌን የሚያሳምመው ደኑ ቢሆን ኖሮ መናንያኑ በበሽታ ባለቁ ነበር። የሚያሳምመው ከደኑ ሥር የሚቀር ሰገራ ክረምት ሲገባ በጎርፍ ወደ ዳሩ መውረዱ፣ ዳሩ ላይም ሕዝቡ በአንድ ጠባብ በር መገናኘቱ ነው። እንስራ የሚሞላበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ልጅ የሚዋኝበት፣ ጀልባ የሚጠጋበት ቦታ አንድ ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ፀሐይ የገባበት፣ ማዕበል የማይመታው፣ ሳሙናና እድፍ የሚፈስበትም ያ በር ነው። አልጌው የሚወደው፣ ቀንድ አውጣው የሚሰበሰበው፣ ሰውም የሚቆመው እዚያው ነው። በሽታው የሚተላለፈው በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ዳርቻ ላይ በእኩልነት ሳይሆን በእነዚህ ጥቂት በሮች ነው።

ደንገልን ጠርጎ ማንሣት ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ደንገል ከወንዝ የሚመጣውን አፈርና ማዳበሪያ አጣርቶ የሚያስቀር የሐይቁ ኩላሊት ነው። ዓሣ ግልገሉን የሚያሳድግበት፣ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራበት ነው። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ የሚሠሩት፣ ኑሯቸውን የሚመሩት በእሱ ነው። ደንገሉ ሲነሣ ማዳበሪያው ሳይጣራ ይገባል፣ አልጌው ይበዛል፣ ቀንድ አውጣውም ይከተላል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ ይፋ ከሆነ ወዲህ የተስፋፋው በዚሁ ንጥረ ነገር ሰብቶ ነው። እምቦጭ ይነቀል ባዮች ነን፤ እኔም ነኝ። ነገር ግን ሕዝቡን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ አስገብተን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ቦቲና ያለ ምርመራ ስናሰልፈው ለሐይቁ ስንዘምት ለትሉ ቆዳ እያቀረብን መሆናችንን ማሰብ ነበረብን። ዘማቹ ከዘመቻው በኋላ ተመርምሮ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል።

አንባቢ እዚህ ላይ ሦስት ብርቱ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። ሁሉንም መመለስ ግዴታዬ ነው።

የመጀመሪያው «ቀንድ አውጣ የሚገድል እንዶድ አለን» የሚለው የእንዶድ ተቃውሞ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣ ሞቶ ሲንሳፈፍ አይተው ነበር የዓለምን ሳይንስ ያስደነቁት። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ቀንድ አውጣውን በእንዶድ ለመቆጣጠር በተካሄደው ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወርዷል። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል። ይህ ኩራታችን ነው፤ አንዲት ፊደል አልቀንስበትም። ነገር ግን ዓድዋ ያስተማረው ምንድን ነው? የተሠራው በጠባብና በሚፈስስ ጅረት ላይ ነው፤ ዓመታት ሙሉ በድግግሞሽ ነው፤ እንዶዱም ከሕዝቡ ጓሮ የሚበቅል ነው። እንዶድ በእንቁላል ላይ ያለው ኃይል ደካማ ስለሆነ ድግግሞሹ ሲቋረጥ ቀንድ አውጣው ይመለሳል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐይቅን እንደ ዓድዋ ጅረት ማጠብ አይቻልም። የአክሊሉ ለማ ትልቁ ትምህርት መርዙ አይመስለኝም። ሴቶቹ የሚሠሩትን ቀርበው ማየታቸው፣ ከሕዝቡ ጋር ለዓመታት ተቀምጠው መቁጠራቸው ነው። «እንዶድ አለን» እያልን የማንቆጥርና የማንከታተል ሰዎች ሆነን ስማቸውን ብንጠራ ውርሳቸውን አልያዝንም።

ሁለተኛው የሴኔጋል ተቃውሞ ነው። በሴኔጋል ወንዝ መንደሮች ከውኃ ውስጥ አረም ማንሣት የልጆችን በሽታ እንደ ቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት ታይቷል። እውነት ነው። ግን ጥናቱን በሚገባ ያነበበ ሰው የእኔን ክርክር ያገኝበታል። አረሙ የተነሣው ሰዎች ውኃ ከሚቀዱባቸው ቦታዎች ብቻ ነው እንጂ ወንዙ በሙሉ አልተመነጠረም። አረሙን ያሰባው ከእርሻ የሚመጣ ማዳበሪያ እንደሆነ ተመልክቷል። የተነሣው አረምም ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ተቀይሮ ወደ ማሳው ተመልሷል፤ ንጥረ ነገሩ ከውኃው ወጥቶ ወደ መሬቱ ሄደ ማለት ነው። በዘጌም በጀልባ ማረፊያና በልብስ ማጠቢያ በር ዙሪያ ያለ አረም በየጊዜው ተነሥቶ ለቡናው ሥር ቢውል ደስ ይለኛል። ከዚያ በር አልፎ ደንገሉን ሁሉ ማጨድ ግን ከሴኔጋል የተማርነው አይሆንም።

ሦስተኛው «ክኒኑ አለ» የሚለው ነው። ፕራዚኳንቴል ግሩም መድኃኒት ነው፤ አገራችንም በትምህርት ቤት በኩል ለሚሊዮኖች አድርሳዋለች። ይሁን እንጂ ክኒኑ ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ከውኃው የሚገባውን አይከለክልም፤ ለጋውን ትልም በቅጡ አይነካም። ሰኞ ክኒን የዋጠ ልጅ ቅዳሜ ከሐይቁ ገብቶ ሌላ ትል ይዞ ይወጣል። ክኒኑ በትምህርት ቤት በር ብቻ ሲታደል ደግሞ የሚያመልጡት ማን እንደሆኑ እንይ። ዓሣ አጥማጁ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ አጣቢዋ እናት፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት መዝገብ ውጭ ያለው የቆሎ ተማሪ ያመልጣሉ። ከሐይቁ የማይወጡት እነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው በበዛበት አካባቢ ከሁለት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ አዋቂውንም ጨምሮ ማከም እንደሚገባ አሳስቧል። ይህ በጣና ዳር በሙሉ ሊፈጸም ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዝርዝሩ አጭር ነው፤ የሚከብደው መፈጸሙ ነው።

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት። በመንደሩ፣ በገዳሙ፣ በጀልባ ማረፊያው፣ ጎብኝና ተሳላሚ በሚበዛበት ሁሉ ከጎርፍ መንገድ ርቆ የተቆፈረና ሰው የሚጠቀምበት መጸዳጃ ቤት ይኑር። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ስለ ሰገራ በአደባባይ መናገር የሚያሳፍረን ከሆነ ልጆቻችን በደም ይከፍሉታል። ዘጌ «አይታረስም» ብላ ለዘመናት የጠበቀች ምድር ናት። «በዳር አይጸዳዱም» የሚለውን ደግሞ ካህናቱ በዐውደ ምሕረት፣ ሽማግሌው በሸንጎ ቢያውጁት ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሰማል። ክልከላን ወደ ልማድ የመለወጥ ጥበብ ያለው ሕዝብ ነው።

ሁለተኛ፣ በሩን መለያየት። ልብስ ማጠቢያው ከዳሩ ወደ መሬት ይውጣ፤ ውኃ በቱቦ ወይም በባልዲ የሚመጣበት የድንጋይ ገበታ ይሠራለት፣ እድፉም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ አፈር ይስረግ። ጀልባ ማረፊያው ሰው እግሩን ሳያነክር የሚወርድበት ይሁን። ሦስተኛ፣ ዓሣው ይጠበቅ፤ በመራቢያው ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አይዘርጋ፣ ብርብራ አይጣል። አራተኛ፣ ይቆጠር። ቀንድ አውጣ መቁጠር ከወንፊትና ከጓንት በላይ አይጠይቅም። በየወሩ፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ ተፈልጎ የተገኘው ቢመዘገብ በዓመቱ መጨረሻ የትኛው በር አደገኛ እንደሆነ፣ ከክረምት በኋላ መቼ እንደሚበዛ፣ የሠራነው ሥራ ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱን እናውቃለን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የዘጌ ሳይንስ መምህራን በጋራ ሊይዙት የሚችሉት ሥራ ነው። ሳንቆጥር የምናደርገው ዘመቻ ሁሉ ጩኸት ነው።

በውኃ ልማትም ይህ ይታሰብ። በወንጂ የስኳር እርሻ መስኖ ሲዘረጋ ቢልሃርዚያም በቦዩ ተከትሎ መጥቷል። ዛሬ በጣና ተፋሰስ የምንዘረጋቸው ቦዮች ሁሉ ለዚህ እንስሳ አዲስ ቤት ናቸው። ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት መጸዳጃ ቤቱ ይቆፈር።

ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ ክብር ነው፤ የሚፈተነው ግን በዳሩ በሚኖረው ልጅ ሆድ ነው። ቀንድ አውጣው በዚህ ሐይቅ ከእኛ በፊት ነበረ፣ ምናልባትም ከእኛ በኋላ ይኖራል። ልናጠፋው አንችልም። ልንቆርጠው የምንችለው ከእኛ ወደ እሱ የሚሄደውን መንገድ ነው። ያ መንገድ የሚጀምረው ከእያንዳንዳችን ጓሮ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ሣሩ ይመንጠር» የሚል ድምፅ ስትሰማ ተናጋሪውን አንድ ጥያቄ ጠይቀው፤ ያንተ መንደር መጸዳጃ ቤት የት ነው?